እንደ እግሬ ያለ እግር ፍለጋ ወደ ፎገራ

ዕድሜዬ ወደ አርባ እየተጠጋ ነው፤ እስካለፈው ጥቅምት ድረስ ግን እንደ ግራ እግሬ ያለ እግር በሌላ ሰው ላይ አይቼ አላውቅም ነበር። ሐዋሳ ውስጥ ልብስ ሰፊ ነኝ። ልክ ስወስድ የብዙ ሰው ገላ አያለሁ፤ ትከሻው ያዘነበለ አለ፣ ወገቧ የጎበጠ አለች፤ እግሬን የመሰለ ግን ገጥሞኝ አያውቅም።

ልጅ ሳለሁ ከዳሌዬ ተነስቶ በጭኔና በባቴ ጎን እስከ ትንሿ ጣቴ የወረደ፣ እንደ ሰም የሚያብለጨልጭ ደረቅ ቆዳ ወጣብኝ። ሐኪሞች ስክሌሮደርማ ይሉታል። ቆዳንና ከሥሩ ያለውን ሥጋ የሚያደድር በሽታ ነው። በልጅ ላይ ክፋቱ፣ ልጁ ሲያድግ የደደረው ቦታ አብሮት አለማደጉ ነው። የእኔም ቆዳ ጅማቴን እየሳበ ተረከዜን ከመሬት አነሳውና በጣቶቼ ጫፍ የምሄድ ሆንኩ። አዲስ አበባ ሁለት ጊዜ ተሠርቶልኛል። ዛሬ ግራ እግሬ ከቀኙ ሦስት ጣት ያህል ያጥራል፤ ወፍራም ሶል ያለው ጫማ አደርጋለሁ፤ አነክሳለሁ። ተረከዜ ግን መሬት ይረግጣል።

ያከሙኝ ዶክተር ታምራት አሁን ፀጉራቸው ሸብቷል። አልፎ አልፎ ባሕር ዳር እየሄዱ ሕፃናትን ያክማሉ። አንድ ቀን ደወሉልኝና ፎገራ ሜዳ ላይ የአሥራ አንድ ዓመት ልጅ እንዳለች፣ ሕመሟ ልክ የእኔ እንደሆነ ነገሩኝ። ከአንድ ዓመት በላይ በወሰደችው መድኃኒት በሽታው ጋብ ብሏል፤ የተጣመመውን እግር ለማቃናት ጊዜው አሁን ነው። አባትዮው ግን የቀዶ ሕክምናው ቀን ሲደርስ ልጁን ይዞ ወደ አገሩ ተመለሰ። «እኔ ብዙ ተናግሬያለሁ፤ አንቺ ሄደሽ እግርሽን ብታሳዪው ይሻላል» አሉኝ።

እሺ ያልኩት ለልጅቷ አዝኜ ብቻ አይደለም። ማየት ፈልጌ ነው። እንደ እግሬ ያለ እግር ምን ይመስል ይሆን?

ማክሰኞ

ከሐዋሳ ሳይነጋ በአውቶቡስ ወጣሁ። ግራ እግሬን የምዘረጋበት በመተላለፊያው በኩል ያለ ወንበር ብጠይቅ አንድ ተማሪ ለቀቀልኝ። አዲስ አበባ ደርሼ በቀጥታ ወደ አውሮፕላን ማረፊያ ሄድኩ፤ በመኪና ያለው መንገድ አንድ ቀን ይከፈታል፣ አንድ ቀን ይዘጋል ስለተባልኩ እስከ ባሕር ዳር በአየር መሄዱን መርጬ ነበር።

ፍተሻው ላይ ጫማዬ ጣጣ አመጣ። ፈታሿ የሶሉን ውፍረት አይታ ውስጡ ምን እንዳለ ጠየቀችኝ፤ ቡሽ ነው አልኳት። በማሽኑ አሳለፈችው፤ አላመነችም፤ ደግማ አሳለፈችው። አለቃዋን ጠራች፤ እሱም እንደ ዳቦ መታ መታ አደረገው። ያን ሁሉ ጊዜ ካልሲዬ ላይ ተዛብቼ ቆሜ ነበር። ሲለቁኝ ያቺው ፈታሽ ጎንበስ ብላ ማሰሪያዬን አሰረችልኝና፣ አያቷም እንዲህ ያለ ጫማ ቢሠራላቸው ኖሮ ብላ የሠሪውን አድራሻ ጠየቀችኝ። ይዞኝ የነበረው ንዴት ወዲያው በረደ።

ጣናን ከላይ አየሁት። እኛ ሐይቅ የምንለው ማዶው የሚታየውን ነው፤ ሐዋሳ ላይ ቆመሽ ወዲያ ማዶ ተራራውን ትቆጥሪያለሽ። ይኼኛው ማዶ የለውም። ባሕር ዳር ዓሣ በልቼ አደርኩ። ዓሣው ላይ የእኛ እንደሚሻል ለራሴ መስክሬ ተኛሁ።

ረቡዕ

ጠዋት የወረታን ሚኒባስ ያዝኩ። ከሐሙሲት ወዲህ ኬላ ላይ አስቁመውን ረጅም ሰዓት ተቀመጥን። ማንም ለምን ብሎ አልጠየቀም። አጠገቤ የነበሩ እናት ከመቀነታቸው ቆሎ ፈትተው ዘገን አድርገው ሰጡኝ፤ ከወዴት እንደመጣሁ ጠይቀው ሐዋሳ ስላቸው፣ «ምነው ይህን ያህል አገር ብቻሽን?» ብለው አዘኑልኝ። እግሬን አይተዋል፤ ስለ እሱ ግን አንድም ቃል አልተነፈሱም። ሐዋሳ ቢሆን ገና ሳልቀመጥ ምን ሆነሽ ነው እባላለሁ።

የጉማራን ድልድይ ስንሻገር ምድሩ ተዘረጋ። ሜዳ ማለት ምን እንደሆነ እዚያ ነው የገባኝ። ግራና ቀኙ ወርቅማ ነው፤ ስንዴ መስሎኝ ነበር። ሩዝ ነው አሉኝ። ለእኔ ሩዝ ከሱቅ በከረጢት የሚመጣ ነገር ነው፤ ሥር እንዳለው፣ በማጭድ እንደሚታጨድ፣ ክረምቱን ውሃ ውስጥ ቆሞ እንደሚከርም አስቤ አላውቅም። ሹፌሩ አደናነቄ አስቆት፣ «ነሐሴ ላይ ብትመጭ ይኸ ሁሉ ሐይቅ ነው» አለኝ።

ወረታ የመንገድ መገናኛ ናት፤ አንዱ ወደ ጎንደር፣ አንዱ ወደ ደብረ ታቦር። የጭነት መኪናው፣ ባጃጁ፣ የሩዝ ከረጢቱ ይተራመሳል። ሲስተር የሽወርቅ ባጃጅ ይዛ ጠበቀችኝ። የልጅቷን መድኃኒትና የደም ምርመራ የምትከታተለው ነርስ እሷ ናት። የያዘችልኝ ሆቴል በሩዝ ነጋዴዎች ተሞልቶ የቀረው ክፍል ፎቅ ላይ ነበር፤ ደረጃው መደገፊያ የለውም። ሁለት ደረጃ ስወጣ አየችኝና ቦርሳዬን ተቀብላ፣ «ነይ፣ እኔ ቤት እንሂድ» አለች።

የእሷ ቤት ማለት ከእትዬ ዘሃራ ግቢ የተከራየችው አንድ ክፍል ነው። እትዬ ዘሃራ ከመንገዱ ዳር ጨርቅ ይሸጣሉ፤ ግቢያቸው ከሱቁ ጀርባ ነው። ልብስ ሰፊ መሆኔን ሲሰሙ ሌላ ምንም ሳይጠይቁኝ የሴት ልጃቸውን ክፍል ለቀቁልኝና ልጅቷን ወደ ራሳቸው ክፍል አዛወሯት። ማታ በሩዝና በጤፍ እንጀራ ሽሮ በላን። እንጀራው እንደ ወረቀት ነጭ ነው፤ ትኩሱን ካልበሉት ቶሎ ይደርቃል። የሽወርቅ ስለ ነገው አባት አስጠነቀቀችኝ። ክፉ ሰው አይደሉም፣ ግን ዝም ይላሉ አለች።

ሐሙስ

በባጃጅ እስከ ርብ ወንዝ አቅራቢያ ሄደን፣ ከዚያ ወደ ሐይቁ አቅጣጫ በፈረስ ጋሪ ገባን። ዝናቡ ዘግይቶ ስለወጣ መንገዱ ገና አልደረቀም። ሰዉ ሁሉ አጨዳ ላይ ነው። ውሃው በሸሸበት ሣር ላይ የፎገራ ከብቶች ይግጣሉ፤ ትከሻቸው ከእኛ አገር ከብት ይሰፋል።

አቶ ሞላ ከደጃፋቸው የውሃ ሞተር ፈትተው እየጠገኑ ነበር። ረጅም፣ ቀጭን ሰው ናቸው። እጃቸውን በጨርቅ ጠርገው በሁለት እጅ ጨበጡን። ባለቤታቸው ወይዘሮ እናትነሽ አጎዛ አነጠፉልን፤ እርጎ ቀረበ። ልጅቷ ትርንጎ ከምሰሶው ጥግ ቀሚሷን እስከ መሬት ለቃ ቆማለች። ፊቷ ቀይ፣ ዓይኗ ትልልቅ። እግሯን አላሳየችኝም፤ አቋቋሟን ግን አወቅኩት። ክብደቷን ሁሉ በቀኝ በኩል ጥላለች፤ እኔም ልጅ ሆኜ ፎቶ የምነሳው እንደዚያ ነበር።

ጫማዬንና ካልሲዬን አውልቄ እግሬን አጎዛው ላይ ዘረጋሁ። ቆይታ ትርንጎ መጣችና ተቀመጠች። ቀሚሷን ሰብሰብ አድርጋ እግሯን ከእግሬ ጎን አኖረችው።

ያኔ የተሰማኝን መጻፍ ይቸግረኛል። የእኔ ግራ፣ የእሷም ግራ። ያው ቡናማና ነጭ የተቀላቀለበት የሚያብለጨልጭ መስመር፣ ያው የቀጠነ ባት፣ ያው ወደ ውስጥ የታጠፈች ትንሽ ጣት። የእሷ ተረከዝ ሽቅብ ተሰቅሏል፤ የረገጠችበት የጣቶቿ ሥር እንደ ጫማ ቆዳ ደድሯል። በአውራ ጣቴ ጫን ብዬ ቆዳውን ዳሰስኩት፤ እሷም የእኔን ዳሰሰች። «ያንችም አይቆነጠጥም» አለችኝ። እውነቷን ነው፤ እዚያ ቦታ ላይ ቆዳችን በጣት ተይዞ አይነሳም። ይህን ከእኛ በቀር ማን ያውቃል? ሁለታችንም ሳቅን።

አቶ ሞላ ቀስ ብለው ተናገሩ። መጀመሪያ ምች ነው ተብሎ ቅጠል ሲቀባ ከረመ። ቀጥሎ ወደ ሩቅ ከተማ ወሰዷት፤ እዚያ ተረከዟ ላይ ቀደው ጅማቱን ሊያላሉት ሞከሩ። ቆዳው የደረቀ ስለሆነ ቁስሉ አልገጥም ብሎ ከበጋ እስከ ክረምት አፉን ከፍቶ ቆየ። ትርንጎ ያን ክረምት በሙሉ ከቤት አልወጣችም። እግሯም እንደገና ተሳበ። ባሕር ዳር ሲመጡ ደግሞ አጠገባቸው የተኛ አንድ ጎረምሳ አዩ፤ እግሩ ዙሪያውን በብረት ቀለበት ታስሮ ያቃስታል። የእርሷም እንደዚህ ነው ሲባሉ ልጃቸውን ብድግ አድርገው ወጡ። «ብረት አስገብተው ሲስቧት ቆሜ ላያት ነው?» አሉኝ።

ከዚያ እስቲ ስትሄጅ ልይሽ አሉኝ። ወደ ውጭ ወጣን። በሁለት የሩዝ ማሳ መካከል በተደለደለው አፈር ላይ ሄድኩ። ተጠንቅቄ፣ እንደ ሙሽራ። መልካም እየሄድኩ ነበር፤ ከጫፉ ስዞር አፈሩ ተናደና ግራ እግሬ ጭቃ ውስጥ ገባ። ስጎትተው እግሬ ወጣ፤ ጫማው ወጣ፤ ሶሉ ግን እዚያው ቀረ። በእጄና በጉልበቴ ተደፋሁ። የሽወርቅ ልታነሳኝ ስትሮጥ እኔ ሳቄ መጣ፤ እስከ ሐዋሳ የሚሰማ ሳቅ። ትርንጎም በአንድ እግሯ እየዘለለች መጥታ ሶሌን ከጭቃው መዝዛ አወጣችልኝ።

ወይዘሮ እናትነሽ እግሬን በሞቀ ውሃ አጠቡኝ። አልፈቀድኩም ነበር፤ አልሰሙኝም። አቶ ሞላ ሶሉን አጥበው፣ ከአሮጌ ጎማ ላስቲክ ቀድደው ከጫማው ጋር ዙሪያውን ጠፈሩልኝ። ሲጠፍሩ ቀና ሳይሉ፣ «ተሠርቶ ተመልሶ ይጣመማል ወይ?» ብለው ጠየቁኝ።

አይመለስም ብል ደስ ይለኝ ነበር። ለዚያም ነው የተላክሁት። ግን የእኔ ተመልሷል። ከመጀመሪያው ቀዶ ሕክምና በኋላ ማታ ማታ የሚታሰረውን መደገፊያ ሰልችቼ ትቼው፣ ቁመቴም ሲረዝም፣ እንደገና ተስቦ ሁለተኛ ጊዜ ተሠርቷል። ይህን ነገርኳቸው። ማጠሩ እንደማይቀር፣ ማነከሱ ጨርሶ እንደማይጠፋም ነገርኳቸው። እሳቸውም ቋጠሮውን አጥብቀው ጫማውን ሰጡኝና «እሽ» አሉ።

በጋሪው ስንመለስ ነገሩን ያበላሸሁት መሰለኝ። እትዬ ዘሃራ ዶሮ አሠርተው ጠበቁኝ። አንድም ቁራጭ ሳይቀምሱ አጠገቤ ተቀምጠው እንድበላ ሲጎተጉቱኝ ግራ ገባኝ። ኋላ የሽወርቅ ነገረችኝ፤ እንግዳዋ ክርስቲያን ናት ብለው ዶሮዋን ጎረቤት አሳርደው፣ ወጡንም እዚያው በጎረቤት ድስት አሠርተውልኝ ነው። ሐዋሳ ብዙ ዓይነት ሰው አብሮ ይኖራል፤ እንዲህ ያለ ድካም የደከመልኝ ሰው ግን አላስታውስም።

ዓርብ

ጠዋት ለዶክተር ታምራት ደወልኩና የሆነውን ተናገርኩ። አልተቆጡኝም። «የሚመለስ መሆኑን እኔም ልነግረው ይገባኝ ነበር» አሉ። የደረቀ ቆዳን በአንድ ጊዜ ቀድዶ ማቃናት ቁስል እንደሚያተርፍ፣ እኔን ያሰሩኝ ዓይነት ቀለበት ለእሷም የተመረጠው ለዚህ እንደሆነ እንደገና አስረዱኝ፤ ቀጫጭን ሽቦ በአጥንቱ ያልፋል፣ ከዚያ እግሩ በየቀኑ በጥቂቱ ብቻ ይመለሳል፤ ቆዳውም ለመለጠጥ ጊዜ ያገኛል።

ከቀትር በኋላ እትዬ ዘሃራ ሱቅ ውስጥ ሳለሁ አቶ ሞላ ትርንጎን ይዘው ብቅ አሉ። ለሞተሩ ዕቃ ልገዛ መጣሁ አሉ፤ ዕቃውም በእጃቸው ነበር። ልጅቷን ግን ለምን እንዳመጡ አልተናገሩም። እትዬ ዘሃራ ወንበር አወጡ። ትርንጎ ጣቃዎቹን አንድ በአንድ ስትዳስስ ቆየችና ወደ እኔ ዞረች።

«ብረቱ ያማል?»

«የመጀመሪያው ሰሞን ያማል። ኋላ ይለመዳል። ከባዱ ሌሊት መገላበጥ ነው።»

«በቀን በቀን የሚያዞረው ማነው?»

«ብሎኖች አሉት፤ በመፍቻ ይዞራሉ። የእኔን የምታዞርልኝ እናቴ ነበረች።»

አቶ ሞላ ቀና አሉ። ዕቃውን መሬት አኖሩ። «ቤተሰብ ነው የሚያዞረው? ሐኪሙ አይደለም?»

ሐኪሙ መጀመሪያ እንደሚያሳይ፣ መጠኑንም እሱ እንደሚወስን፣ ከዚያ በኋላ ግን አጠገቧ የሚሆነው ሰው እንደሚያዞረው ነገርኳቸው። ዳዶው በአንድ ጊዜ አንድ ጎኑን ያህል ብቻ ይዞራል፤ እሱም በቀን ጥቂት ጊዜ። በጣም ሲያመኝ እናቴ ትተወውና ለሐኪሙ ትነግረው ነበር፤ እሱም ቀስ ያደርገዋል። ይህን ማንም ለእሳቸው አልነገራቸውም ነበር ወይስ ተነግሯቸው በዚያ ጎረምሳ ማቃሰት መካከል አልሰሙትም፣ አላውቅም።

እጃቸውን አዩት። የጥፍራቸው ሥር ገና በሞተር ቅባት ጠቁሯል። ከዚያ ልጃቸውን አዩ።

«እኔ ሳዞር በቃ ስትይኝ አቆማለሁ» አሏት።

ትርንጎ አሰበችበት። «ሐኪሙ ሳይፈቅድ አታቆምም» አለችው። «አለዚያ እንደ እሷ ሁለት ጊዜ ይሆናል።»

እትዬ ዘሃራ ፊታቸውን ወደ ጣቃዎቹ አዙረው ዓይናቸውን በነጠላቸው ጠረጉ። እኔ መለኪያ ሜትሬን ከቦርሳዬ አወጣሁ። ቀለበት ባለው እግር ላይ የተለመደ ልብስ አይገባም፤ እኔ ያን ጊዜ በእናቴ ሽርጥ ነው የከረምኩት። ትርንጎ አረንጓዴ አበባ ያለበትን ጨርቅ መረጠች። እስከ ማታ በእትዬ ዘሃራ የስፌት መኪና ላይ ተቀምጬ፣ ግራ ጎኑ ከላይ እስከ ታች በቁልፍ የሚከፈት ሰፊ ሱሪና ቀሚስ ሰፋሁላት። ብዙ የሙሽራ ልብስ ሰፍቻለሁ፤ እንደዚያ ቀን እጄ ተጠንቅቆ አያውቅም።

ቅዳሜ

በአንድ ሚኒባስ ወደ ባሕር ዳር ወረድን፤ አቶ ሞላ፣ ወይዘሮ እናትነሽ፣ ትርንጎና እኔ። ኬላው ላይ ብዙ አልቆየንም። ትርንጎ ከሹፌሩ ጎን ተቀምጣ ሐዋሳ ሩዝ የሌለው ለምን እንደሆነ፣ ሐይቃችን ጉማሬ እንዳለው፣ ባቡር አይቼ እንደማውቅ ጠየቀችኝ። ስለ እግሯ አንድም አልጠየቀችኝም። ሆስፒታሉ በር ላይ ግን እጄን ያዘችና ዶክተር ታምራት እስኪመጡ አልለቀቀችኝም።

ቀዶ ሕክምናው ከእሑድ በኋላ ነበር፤ እኔ ደግሞ ሱቄን ዘግቼ ነው የመጣሁት። በማግስቱ ተሰናብቼ ተመለስኩ።

ይህን የምጽፈው ከወራት በኋላ ነው። የሆነው ሁሉ ቀላል አልነበረም። አንደኛው ሽቦ ያለፈበት ቦታ መግል ይዞ ማዞሩ ለተወሰነ ጊዜ ቆመ። ወይዘሮ እናትነሽ አንድ ሌሊት ደውለው አልቅሰዋል። አቶ ሞላ በየጠዋቱ እጃቸውን በሳሙና ታጥበው አዞሩ፤ ከአጨዳውም ብዙውን ጎረቤት አነሳላቸው። ከዚያ ቀለበቱ ወጣ፤ ጀሶ ተደረገ፤ ጀሶውም ተፈታ። እግሯ ማጠሩ አይቀርም፤ ቁመቷ ማደጉን እስኪያቆም ማታ ማታ መደገፊያ ታስራለች፤ ምናልባት እንደገና መሠራት ያስፈልጋት ይሆናል።

ባለፈው ሳምንት ደንበኛ እያስተናገድኩ ስልኬ ጮኸ። ትርንጎ ናት፤ ከሆስፒታሉ፣ በባዶ እግሯ ሲሚንቶ ላይ አቁመዋት።

«ተረከዜ ነካ» አለችኝ። «መሬቱ ይቀዘቅዛል። ያንችም ይቀዘቅዛል?»

አስቤው አላውቅም ነበር። ደንበኛዬን ይቅርታ ብዬ ጫማዬን አወለቅኩ፤ ካልሲዬንም። ተረከዜን የሱቄ ወለል ላይ አሳረፍኩት፤ ጠበቅሁ።

«አዎ» አልኳት። «ይቀዘቅዛል።»